ወረቀት ተመልሶ አይጠየቅም

በልጅነቴ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጽሑፍ በሁለት ዓይነት ዋጋ ይሸጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ በዛፍ ጥላ የተቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች በገጽ ያስከፍላሉ፤ ቴሌ ደግሞ ቴሌግራሙን በቃል ቆጥሮ ያስከፍላል። በገጽ የሚሸጥ ሰው ነገሩን ባስረዘመ ቁጥር ይጠቀማል፤ በቃል የሚገዛ ሰው ባሳጠረ ቁጥር ይጠቀማል። ራፖር ጸሐፊው ዘንድ «ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው እኔ አመልካች» ብሎ ጀምሮ ሦስት ገጽ የሚሞላው ባለጉዳይ፣ ቴሌ ሲደርስ ነገሩን ሁሉ በአራት ቃል ይጨርሳል። ስለ አጻጻፍ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያገኘሁት ከመጻሕፍት በፊት ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው።

አጎቴ ከራፖር ጸሐፊዎቹ አንዱ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ፊደልና ዳዊት በቤተ ክህነት፣ የመዝገብ ሥራ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ካርቦን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ሾላ ሥር ተቀመጡ። እሳቸውም እንደ ሌሎቹ የሚያስከፍሉት በገጽ ነበር፤ ግን ከአንድ ገጽ አያልፉም። ባለቤታቸው በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ይበሳጩ ነበር። «ወረቀት በመቆጠብ ቤት አይቆምም!» ይሏቸዋል። ቢሆንም ባለጉዳይ አይጎድልባቸውም። የሳቸው ማመልከቻ አይመለስም የሚል ወሬ በገበያው ሁሉ ተሰምቷል።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ያለች የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጣርማበር ላይ የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናንና አርማንያን ተሻግሮ የሚወርድ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሙቀት ይቀበለዋል፤ ጋቢውን ለማውለቅ ጊዜ አይወስድበትም። በዚያን ዘመን ወደ አሰብ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች በመካከሏ ያልፋሉ። በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ይመረታል፤ የትንባሆ እርሻም አለ፤ እስር ቤትም አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ወረቀት ይበዛበታል። የውሃ ተራውን የተነጠቀ፣ ከብቱ ሰብል በልቶ የተያዘበት፣ ልጁ የታሰረበት፣ የቀን ሥራ ሠርቶ ሒሳቡ የቀረበት፣ ሁሉም «እስቲ አንድ ነገር ይጻፉልኝ» እያለ ሾላው ሥር ይመጣል። የቀወት ገበሬ፣ የአርጎባ ነጋዴ፣ ከሰንበቴ በኩል የመጣ ኦሮሞ፣ አልፎ አልፎም ከአዋሽ አቅጣጫ የወጣ አፋር በዚያችው አግዳሚ ተራ ይጠብቃሉ።

የማመልከቻው መርዘም የገጽ ዋጋ ብቻ ያመጣው አልነበረም። ሸዋ የአፍ ሙግት አገር ነው። በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋች ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየሰነዘረ፣ ነገሩን በምሳሌ ከሩቅ አምጥቶ ነበር የሚረታው። ዳኝነቱ ወደ ወረቀት ከገባ በኋላም ያ ለዛ ከሰው አፍ አልወጣም። ባለጉዳይ ሾላው ሥር ቁጭ ሲል ታሪኩን ከአያቱ ይጀምራል። ጋሼ አያቋርጡትም፤ እስክሪብቶም አያነሱም። ሰውየው ሲጨርስ «በል እንግዲህ አሁን ዳኛው እኔ ነኝ፤ ልጠይቅህ» ይሉታል።

«አፍ ይጠየቃል፤ ወረቀት ግን ተመልሶ አይጠየቅም» የምትለው አነጋገራቸው የሙያቸው ሁሉ መሠረት ነበረች። ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ነገሩን ቢያድበሰብስ «ማን ነው ያልከው? የቱ ማሳ ነው?» ተብሎ ይመለሳል። ወረቀቱ ግን ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ነው የሚቆመው፤ ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ወንዝ ዳር ሽንኩርቱን እየኮተኮተ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚችለው ሁሉ አስቀድሞ ተጠይቆ መልሱ ወረቀቱ ላይ መግባት አለበት። ማንም የማይጠይቀው ነገር ደግሞ የቱንም ያህል ቢያምር ቦታ አይሰጠውም። ጋሼ ጽሑፍ አሳጥራለሁ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ማጠሩ የጥያቄው ውጤት ነበር።

ሕጉም ከሳቸው ጋር ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 80 ተከራካሪ የሚያቀርበው ጽሑፍ ዋናውን ፍሬ ነገር ባጭሩ እንዲይዝ ያዛል። አንቀጽ 222 ደግሞ በክስ ማመልከቻ ውስጥ መግባት ያለበትን ይዘረዝራል፤ የተከራካሪዎቹ ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር፣ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። አብዮቱ መጥቶ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ የገበሬው ክርክር ወደ ገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ሄደ። ሸንጎው ላይ የሚቀመጡት ገበሬዎች የሕጉን መጽሐፍ አይተውት አያውቁም፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ያው ነበር። ማን? ምን አደረገ? የት? መቼ? ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ?

የእኔ ሥራ ማንበብ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ተቀምጬ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት ሌላ ቦታ ተጽፎላቸው «ምን እንደሚጠይቅ ግልጽ አይደለም» ተብሎ የተመለሰባቸውን ማመልከቻ ይዘው መጡ። ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ አካሄዱ ግን እንዲህ ነበር።

«እኔ አመልካች በምኖርበት ገበሬ ማኅበር ውስጥ ለረጅም ዓመታት የኖርኩና ባለቤቴ ከሞቱ ወዲህ ልጆቼን በማሳደግ ላይ የምገኝ ስሆን፣ በመስኖ መሬቴ ላይ ሽንኩርት ተክዬ በመንከባከብ ላይ ሳለሁ በተራዬ ሊደርሰኝ የሚገባው ውሃ እንዳይደርሰኝ በመደረጉ ምክንያት በሰብሌ ላይ ከፍተኛ ጉዳት የደረሰ በመሆኑ፣ ይህም በተደጋጋሚ ለሚመለከታቸው ክፍሎች ቢገለጽም መፍትሔ ሳያገኝ የቀረ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ታይቶልኝ አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።»

ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ውሃውን የወሰደው ማን ነው?» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ፈለግሁ፤ የለም። «መቼ ነው የወሰደው?» የለም። «ለማን ነገሩ?» «ለሚመለከታቸው ክፍሎች» ይላል። «ምን እንዲደረግላቸው ይፈልጋሉ?» «አስፈላጊው ሁሉ» ይላል። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረው እነዚያኑ ጥያቄዎች ጠየቋቸው። «እማማ፣ ውሃዎን የወሰደው ማን ነው?» እማማ ሳያመነቱ መለሱ፤ ሰውየውን በስሙ፣ ቀኑን በዕለቱ፣ ያነጋገሩትን የውሃ አባት (የመስኖ ተራ አስከባሪውን) በስሙ ጠሩ። መልሱ ሁሉ አፋቸው ላይ ነበር፤ የጠፋው ወረቀቱ ላይ ሲሰፍር ነው። «እንዳይደርሰኝ በመደረጉ» የሚለው አንድ ሐረግ የሰውየውን ስም፣ ዕለቱንና ድርጊቱን አንድ ላይ ውጦ አስቀርቷል።

አዲሱ ማመልከቻ ስሞቹን ትተን እንዲህ ያለ ነበር። «የውሃ ተራዬ ሐሙስ ነው። ከላይ ያለው ባለማሳ ሁለት ሐሙስ ተከታትሎ ቦዩን ወደ ራሱ አዞረ። ለውሃ አባቱ ነገርኩ፤ የውሃ አባቱ ቢያስጠነቅቀውም አልተመለሰም። ሽንኩርቴ እየደረቀ ነው። የሐሙስ ውሃዬ እንዲመለስልኝ፣ ለደረቀውም ካሳ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።»

ሳነብላቸው እማማ ፊታቸው አልፈካም። «ባሌ መሞቱን አውጥተኸዋል» አሉ ጋሼን። ጋሼም «ስለ ውሃው ነው የምንጽፈው፣ እማማ» አሏቸው። እማማ ቆጣ አሉ። «ስለ ውሃው ነው እኮ የምነግርህ! እሱ በሕይወት ሳለ ማን ደፍሮ ነካው?» ጋሼ ጥቂት ዝም አሉና እስክሪብቶውን አንስተው ከቦዩ መዞር ቀጥለው «ይህ የጀመረው ባሌ ከሞተ በኋላ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ። በመጀመሪያው ማመልከቻ የባልየው ሞት ለማሳዘን የገባ ማስዋቢያ ነበር፤ አሁን ምክንያት ሆነ። ያው ሞት፣ ያችው መበለት ናት፤ የተለወጠው ነገሩ የቆመበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ዓረፍተ ነገር ለማውጣት እስክሪብቶ ሳነሳ የምጠይቀው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው፤ ይህ ቢወጣ የሚቀረው ይለወጣል ወይ? የማይለወጥ ከሆነ ይወጣል። የሚለወጥ ከሆነ ግን ቦታውን ፈልጎ ማስቀመጥ ነው።

ጽሑፉን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማድረጋቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ምስክሩ ይሰማል» የሚለው ጽሑፍ ሲላላ ምስክሩ ጆሮው ደኅና ነው ማለት ይሆናል፤ ሲጠብቅ ፍርድ ቤቱ የምስክሩን ቃል ይቀበላል ማለት ነው። ጸሐፊው የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ይህ ችግር አይታየውም፤ የቱን እንዳሰበ ያውቃልና ሳያስበው አጥብቆ ወይም አላልቶ ያልፋል። ባዳ አንባቢ ግን እዚያ ላይ ይደናቀፋል። እኔ በተደናቀፍኩበት ቦታ ሁሉ ጋሼ «ቆይ» ይሉና ዓረፍተ ነገሩን ይለውጡታል። ልጅ ነው ብለው ጥፋቱን በእኔ ላይ አላላከኩም። «አንተ ከተደናቀፍክ ዳኛውም ይደናቀፋል፤ ልዩነቱ ዳኛው አይነግረኝም» ይሉ ነበር።

ከባለጉዳዮቹ ሁሉ ለመጻፍ የማያስቸግሯቸው አፋሮቹ ነበሩ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ነገራቸው ግን የተደራጀ ነው። ሰንበቴ እሑድ ገበያ ላይ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ አይቼ ምክንያቱ ኋላ ገብቶኛል። ዳጉ ይሉታል፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ጋር ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን የሚለዋወጥበት ሥርዓት ነው። ከየት መጣህ፣ ማንን አየህ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? የሐሰት ወሬ ማቀበል ነውር ነው፤ በዚያ በረሃ የተሳሳተ ወሬ ከብትንም ሰውንም ውሃ ወደሌለበት ይወስዳልና። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው ሾላው ሥር ሲቀመጥ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የራሱን ጥያቄ ጠይቆ መልሶ የመጣ ነው። ጋሼ የሱን ቃል ከሞላ ጎደል እንዳለ ይገለብጡታል።

ታዲያ ማጠር ማለት ግልጽ መሆን ማለት እንዳልሆነ ያስተማረኝ ቴሌ ነው። ቴሌግራም ለመላክ ጋሼ አብረውት የሚሄዱት ሰው ብዙ ነበር፤ ቃል መቁጠሩን ስለሚያውቁበት። «አባት ታመዋል ቶሎ ና።» አራት ቃል። አባትየው ግን ብዙ ጊዜ ታመው አልነበረም፤ ሞተዋል። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ጎን ቆሞ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለው ልጅ ይህችን ወረቀት ሲቀበል እውነቱን ይጠረጥራል፤ ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ አገሩ እስኪገባ ድረስ «ታመዋል» የምትለው ቃል ደግፋ ትይዘዋለች። ከዚያ ያጠረ ጽሑፍ አይገኝም፤ ሆነ ተብሎ ከዚያ የተሸፋፈነም አይገኝም። አጭርነቱ ለኪስ ነው፤ መሸፈኑ ለሰው ነው። ሁለቱም ተገቢ ነበሩ።

ደብዳቤ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ልጃቸው ወደ ሰሜን የሄደባቸው እናቶች ሾላው ሥር በዙ። ደብዳቤው በሰላምታ ይጀምራል፤ በሰላምታ ይቀጥላል። አጎትህ ሰላም ይልሃል፤ አክስትህ ሰላም ትልሃለች፤ ጎረቤታችን፣ የክርስትና እናትህ፣ ላሟ እንኳ ወልዳለች። የማመልከቻውን ሰላምታ ያለ ርኅራኄ የሚሰርዙት ጋሼ ከዚህ አንዲት ስም አያወጡም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ይሄ ልጅ ወረቀቱን ሲያነብ የሚፈልገው ማን እንዳለ ነው» አሉኝ። ከስሞቹ አንዱ ቢቀር ልጁ «እሷስ ምን ሆነች?» ብሎ ያድራል። በደብዳቤ ውስጥ ሰላምታው ራሱ ዜናው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሾላው ሥር አዲስ ዓይነት ባለጉዳይ አመጣ። ቀድሞ የተነበበለትን ሰምቶ ጣቱን ያትም የነበረ ገበሬ አሁን ወረቀቱን ይቀበልና ጣቱን በየቃሉ ሥር እያስኬደ ራሱ ያነባል። «ከ አ ን ጻ ር» ብሎ ይደርስና ይቆማል። «ይቺ ምን ታደርጋለች?» አብዛኛውን ጊዜ ምንም አታደርግም ነበር። በጣት የሚያነብ ሰው እያንዳንዷን ቃል በላቡ ነው የሚያገኛት፤ ስለዚህ ሥራ ፈት ቃል ሲያጋጥመው እንደ ተማረው አንባቢ ዘሎ አያልፋትም። ከዚያ በኋላ ብዙ አርታኢ አይቻለሁ፤ የዚያን ገበሬ ጣት ያህል ጨካኝ አላየሁም። በዚያው ዘመን የካድሬው ስብሰባ፣ ሬዲዮውና የግድግዳ ጋዜጣው «ከመቼውም ጊዜ በበለጠ ተጠናክሮ» በሚል ቋንቋ ይናገሩ ነበር። አንድ መንግሥት ሕዝቡን ማንበብ እያስተማረ የማይነበብ ነገር ይጽፍለት ነበር።

ኋላ አዲስ አበባ ገብቼ በአርታኢነት ስሠራ ያንኑ ማመልከቻ በየቀኑ አገኘሁት፤ ስሙ ግን ዜና፣ ሪፖርት፣ መግለጫ ነበር። አማርኛ ግሱን ለመጨረሻ ያቆያል። ይህ የቋንቋው ጸጋ ነው፤ ባለሙያ እጅ ሲገባ አንባቢን እስከ መጨረሻዋ ቃል አንጠልጥሎ ይወስዳል። ቸልተኛ እጅ ሲገባ ግን «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «በተያያዘ»፣ «ከመሆኑ አንጻር» እየተቀጣጠሉ ዓረፍተ ነገሩን ያረዝሙታል፤ እንደ ረጅም ቦይ ውሃው በየመንገዱ እየሰረገ ታችኛው ማሳ ሳይደርስ ይቀራል። ግሱ ላይ ሲደረስ ባለቤቱ ማን እንደነበር ተረስቷል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ባለቤቱን ወደ ግሱ ማቅረብ፤ «ሲሆን» ባለበት ቦታ አራት ነጥብ ማድረግ፤ «የማስፋፋት ሥራ ተሠርቷል» የሚለውን «አስፋፉ» ማለት፤ «በመገንባት ላይ ይገኛል» የሚለውን «እየተገነባ ነው» ማለት። አማርኛ ግስ ማን በማን ላይ እንዳደረገ በራሱ ይይዛል። «ነገርኩት» አንድ ቃል ነው፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ውስጡ ናቸው። እንዲህ ቆጣቢ የሆነ ቋንቋ ይዘን ነው የምናባክነው።

ይህን የተረዱ የጋዜጣ ሰዎች አስቀድመው ነበሩ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የኢትዮጵያ ድምፅ»ና በ1933 ዓ.ም. በተመሠረተው «አዲስ ዘመን» አዘጋጅነት ሠርቷል፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮቹ ልብ ወለዶቹም ውስጥ የሚታወቁበት መለያው ናቸው። የወሎን ረሃብና የአብዮቱን ዘመን በተከታታይ መጻሕፍት በጻፈበት «ማዕበል» ውስጥ ያ ቁጥብነት ጠቅሞታል። ረሃብን በረጅም ቅጽል ማስጌጥ የሚያስነውር ነገር ነው።

ነገር ግን ወጣት አርታኢ ሆኜ ማጠርን እንደ ሃይማኖት በያዝኩበት ዘመን የገታኝ የአገሬ ልጅ ነው። ዳኛቸው ወርቁ የተወለደው ከእኛ ከፍ ብሎ ባለው ደብረ ሲና ነው። በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «አደፍርስ» የይፋትን ገጠር፣ የይፋትን ሰውና የይፋትን አነጋገር የያዘ መጽሐፍ ነው። ለአገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ የተላከ ወጣት ከባላገሩና ከአሮጌው ሥርዓት ሰዎች ጋር ይከራከራል፤ መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በንግግር ይሞላል። ብዙ አንባቢ ከባድ ነው፣ ረዘመ ይለዋል። እኔ ግን ሳነበው የሾላው ሥር አግዳሚ ላይ ተመልሼ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ጋሼ እስክሪብቶ ሳያነሱ የሚያዳምጡት ያ ንግግር ነው። የመጽሐፉ ሰዎች ሐሳባቸውን ለመግለጽ ብቻ አይናገሩም፤ ለመግዛት፣ ለማዘግየት፣ ለመሸሽ፣ ልጅን ልጅነቱን ለማስታወስ ይናገራሉ። በማሳጠር ስም ንግግራቸው ቢቆረጥ የሚቆረጡት ሰዎቹ ናቸው። ይኸው ደራሲ በእንግሊዝኛ የጻፈው «ዘ ተርቲንዝ ሰን» በ1973 እ.ኤ.አ. በሄነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ታትሟል፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለ መጽሐፍ ለጸሐፊዎች አበረከተ። የጽሑፍን ሕግ ለሌላው የሚያስተምረው ሰውና «አደፍርስ»ን ያን ያህል በንግግር የሞላው ሰው አንድ ናቸው። ሁለቱ የሚጋጩ መስለው የሚታዩት ርዝመትን በገጽ ቁጥር ለሚለካ ሰው ነው። ማመልከቻ ዳኛውን ለማስወሰን ነው፤ ልብ ወለድ አንባቢውን ሰዎች መካከል ለማስቀመጥ ነው። ከሰዎች መካከል የተቀመጠ ሰው አይቸኩልም።

ግልጽነት የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ የቅርቡ ዘመን አሳየኝ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ጎረቤት ከተማችን አጣዬ ነደደች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በእነዚያ ወራት የማነባቸው ጽሑፎች «የሰው ሕይወት አልፏል፤ ንብረት ወድሟል» ይሉ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ሰዋስዉም እንከን የለውም። ማን ሞተ? ማን ገደለ? የማን ቤት ነው የተቃጠለው? በውስጡ ሰው የለም። ሕይወት ራሷ ተነስታ ያለፈች፣ ንብረትም በገዛ ፈቃዱ የወደመ ያስመስላል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የጉዳት ማመልከቻ ይዞ ሲቆም ግን እንዲህ አይናገርም፤ ስንት ቆርቆሮ እንደነበረው፣ ስንት ኩንታል ማሾ ጎተራ ውስጥ እንደቀረ፣ ማን በየት በኩል እንደገባ ያውቃል። ሪፖርቱ ከሱ አፍ ተነስቶ መሥሪያ ቤት እስኪደርስ የሚጠፋው ነገር ከዚያች እናት ማመልከቻ ላይ የጠፋው ነው። የጽሑፍ እርማት የምለው ያንን የጠፋውን ወደ ቦታው መመለስን ነው። አንዳንዴ ይህን ማድረግ ቃል ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ይጨምራል። ለእማማ የተጨመረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተሰረዙት ሁሉ በላይ ሠርታለች።

አሁን አልፎ አልፎ ለመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ሥልጠና እሰጣለሁ። ስላይድ የለኝም። እያንዳንዱ ሰው የጻፈውን ደብዳቤ አጠገቡ ላለው ሰው ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ጮክ ብሎ ያነብና ጥያቄ ካለው ይጠይቃል። ጸሐፊው መልስ መስጠት አይፈቀድለትም፤ መልሱ ወረቀቱ ላይ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። በአንዱ ሥልጠና ላይ አንድ ትሑት ወጣት ለነዋሪዎች የተጻፈ ማስታወቂያ አቀረበ። «የንጹሕ መጠጥ ውሃ ተደራሽነትን ከማረጋገጥ አንጻር የተጀመሩ ሥራዎች ተጠናክረው እየተሠሩ ይገኛሉ» ይላል። ያነበበችለት ሴት ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ታዲያ ውሃው የሚመጣው መቼ ነው?» አለች። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ወጣቱ ሕጉን ረስቶ መለሰ። «እሱ አይታወቅም እኮ» አለ።

«እንግዲያው እሱን ጻፈው» አልኩት።

ጥቂት አሰበና ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፈ። «ውሃው መቼ እንደሚመጣ ገና አናውቅም።» ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ «ይሄንን ግን አለቃዬ አይፈርሙበትም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ላይፈርሙበት ይችላሉ። ያች ዓረፍተ ነገር ማንም ሊጠይቃት የሚችላት፣ መልስም የሚያስፈልጋት ሆናለች፤ የመጀመሪያዋ የተጻፈችው ግን ማንም እንዳይጠይቅ ነበር። ብዙ ጊዜ ጽሑፋችን የሚጠላለፈው መጻፍ ስለማናውቅ ሳይሆን፣ አለማወቃችን ወይም አለማድረጋችን እንዳይታወቅብን ስለምንፈልግ ነው። ለዚህኛው ሕመም የሰዋስው መጽሐፍ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ጎን ተቀምጦ «መቼ?» የሚል ሰው ነው።